መጽሐፎቹን ጨርሶ ያነበበ እንዲህ አይልም

ሰሞኑን አንድ አንባቢ ስለ አዳዲሶቹ የወጣት ልብ ወለዶች የግል አስተያየታቸውን ጽፈዋል። ጽሑፉ በቴሌግራም ከሰው ሰው ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ በእንግሊዝኛ ለወጣቶች የሚጻፉት ልብ ወለዶች ሁሉም አንድ ናቸው፤ አንዲት ደፋር ልጅ ተነሥታ መንግሥት ትገለብጣለች። ሞትና ደም ይበዛባቸዋል፤ ልጆችን በቀል ያስተምራሉ። የባዕድ ኑሮ ስለሆኑ ለእኛ ልጆች አይጠቅሙም። አጻጻፋቸው ቀላል ነው፤ አንዳንዶቹማ በተቆራረጠ ስንኝ ስለተጻፉ መጽሐፍ ለመባል አይበቁም። ልጆቹ በስልክ ስለሚያነቧቸው ይህ ንባብ አይባልም። አማርኛቸውንም እያስረሷቸው ነው። ስለዚህ ወላጅ ይንጠቃቸው፣ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አያስገባቸው፤ በምትኩ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይሰጣቸው።

እኔ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። እዚሁ ከተማው ዳር ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል ተሰብስበን ከልጆች ጋር መጽሐፍ እናነባለን። ጸሐፊው የሚወቅሷቸውን መጻሕፍት ያነበብኩት ከእነዚህ ልጆች ጋር ነው። ጸሐፊው ለልጆች ተቆርቁረው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ፍርዳቸው ግን መጻሕፍቱን አይመጥንም። በጻፉበት ቅደም ተከተል ልመልስ። የውጭዎቹ መጻሕፍት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሁሉም አንድ ናቸው» ያሉት ከፊሉ እውነት ነው። የሱዛን ኮሊንስ «ዘ ሀንገር ጌምስ» በ2008 ወጥቶ ገበያውን ካናወጠ በኋላ አስመሳዩ በዛ። ክፉ መንግሥት፣ ደፋር ልጅ፣ በሁለት ወንዶች መካከል የምትዋልል አፍቃሪ። አሁን ደግሞ ተራው ሽፋናቸው ላይ ዘውድና ሰይፍ የተሳለባቸው መጻሕፍት ሆኗል። ልዕልቷ የአባቷን ጠላት ታፈቅራለች፤ ታሪኩ ሦስት ቅጽ ይጎተታል። አብዛኞቹ ተነበው ሲያልቁ የባለታሪኮቹ ስም እንኳ አይታወስም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

ግን ያችው ደራሲ በ2025 ያሳተመችውን «ሰንራይዝ ኦን ዘ ሪፒንግ» እንውሰድ። ባለታሪኩ ሄይሚች የሚባል ልጅ ነው። 16 ዓመት የሚሞላው ልጆች በዕጣ ለሞት ጨዋታ በሚመረጡበት ዕለት ነው። በዚያ ዓመት ከየወረዳው የሚወሰዱት ልጆች ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ በጠቅላላ 48። የቀደሙትን መጻሕፍት ያነበበ ሰው ሄይሚች እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ያውቃል። መንግሥት እንደማይገለበጥም ያውቃል። ታዲያ ምኑ ነው እስከ መጨረሻው የሚያስነብበው? ሕዝቡ በቴሌቪዥን ያየውና ሜዳው ላይ የሆነው መለያየቱ ነው። ልጁ ያመፀበት ቦታ ተቆርጦ ወጥቷል። ቅደም ተከተሉ ተቀያይሯል። ጀግንነቱ ወደ ራስ ወዳድነት ተለውጦ ለሕዝብ ቀርቧል።

ይህን መጽሐፍ ያነበብን ጊዜ ንባቡ መሀል ላይ ቆሞ ክርክር ተጀመረ። ልጆቹ በስልካቸው እየተቀባበሉ ስላዩት ቪዲዮ ሁሉ ያወሩ ጀመር። ማን ቀረፀው? ከየት ተጀምሮ ነው የተቆረጠው? ከዚያ በፊት ምን ነበር? ለዚህ ዘመን ልጅ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አላውቅም። እኔ በክፍል ውስጥ በስብከት ላነሣው ብል ማንም አይሰማኝም ነበር።

ደፋር ልጃገረድስ ብትሆን ከባሕር ማዶ ነው እንዴ የመጣችልን? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን መጽሐፍ አስታውሱ። ሮም ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ነው የታተመው። ባለታሪኳ ጦቢያ ናት። በጦርነት ቤታቸው ይፈርሳል፤ መንታ ወንድሟ ዋሕድ ለባርነት ይዳረጋል፤ እሷ የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። አደጋ አለ፣ ፍቅር አለ፣ መጨረሻው ላይ ጋብቻ አለ። ዛሬ ቢታተም መጽሐፍ ሻጩ ያለ ምንም ማመንታት ከወጣት ልብ ወለዶች ጋር ይደረድረው ነበር። የአማርኛ ልብ ወለድ በዚህ ዓይነት ታሪክ መጀመሩ ሊያኮራን ይገባል።

ከሁሉ በላይ መልስ የሚያሻው ግን «በቀል ያስተምራሉ» የሚለው ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ በምሳሌነት የጠሩት የጄሰን ሬይኖልድስን «ሎንግ ዌይ ዳውን» ነው። በ2017 የታተመ ነው። ምርጫቸው በጣም አስገርሞኛል። ከማውቃቸው የወጣት መጻሕፍት ውስጥ በቀልን የዚህን ያህል አንገት ለአንገት የተናነቀ የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዊል 15 ዓመቱ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሾን በጥይት ተገድሏል። በሰፈራቸው ሦስት ሕጎች አሉ። አይለቀስም። በማንም ላይ አይጠቆምም። የወገንህን ገዳይ ትገድላለህ። ዊል የወንድሙን ሽጉጥ ከመሳቢያ አውጥቶ ወገቡ ላይ ይሸጉጥና ሊፍት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ ሊፍቱ ምድር እስኪደርስ ባለችው አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ሊፍቱ በየፎቁ ይቆማል። በቆመ ቁጥር ሰው ይገባል። የሚገቡት በጥይት የሞቱ ናቸው። በልጅነቷ መጫወቻ ሜዳ ላይ በተባራሪ ጥይት የሞተች ጓደኛው አለች። አጎቱ አለ። ዊል በደንብ የማያስታውሰው አባቱም አለ። አባቱ የወንድሙን ደም ሊመልስ ወጥቶ የገደለው ሌላ ሰው ነበር። ተሳስቶ ነው የገደለው። ይህን ለልጁ የሚነግረው ራሱ ነው።

ዊል ራሱ የወንድሙን ገዳይ አውቃለሁ ይላል እንጂ ማስረጃው ቀጭን ነው። መጽሐፉ ይህን አይነግረንም፤ ገጽ በገጽ እንድንጠረጥር ያደርገናል። ሊፍቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የልጁ እርግጠኝነት አብሮ ይወርዳል። ደራሲው አንዴም ቆሞ «በቀል መጥፎ ነው» አይልም። ቢል ኖሮ የእኔ ልጆች መጽሐፉን እዚያው ጥለውት ይሄዱ ነበር።

ይህ ጉዳይ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ልጆቻችንን ደመላሽ፣ ካሳ ብለን የምንሰይም ሕዝብ ነን። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እያልን ነው ያደግነው። በደም ተፈላልጎ የጠፋ ቤት፣ ሽማግሌ ገብቶ እርቅ እስኪያወርድ ድረስ አገሩን ጥሎ የኖረ ዘመድ የሌለው ስንቱ ነው? የኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከየአቅጣጫው የመጣ ቤተሰብ ነው ያለው። እነዚህ ታሪኮች በየሳሎኑ ቡና ሲፈላ ይወራሉ። መጽሐፉን የጨረስን ዕለት ከልጆቹ አንዱ «እኛ ቤት ስለ አያቴ ወንድም የሚነገር ታሪክ አለ» ብሎ ጀመረ። ቤታቸው ሁልጊዜ በጀግንነት የሚነሣ ታሪክ ነው። ሲጨርስ ዝም አለና «ግን የተገደለው ሰውዬ ልጆች ነበሩት እንዴ?» አለ። ማንም አልጠየቀውም። ራሱ ነው ራሱን የጠየቀው። ይህን ጥያቄ ያስነሣ መጽሐፍ በቀል አስተማረ ከተባለ፣ እርቅ የሚያስተምረው ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው?

«ሞት ይበዛባቸዋል» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ጸሐፊው በምትኩ ይሰጥ ያሉት «ፍቅር እስከ መቃብር» በምን ነው የሚያልቀው? በዛብህ ይሞታል። ሰብለ ወንጌል ትሞታለች። ጉዱ ካሳ ይሞታል። ሦስቱም አንድ መቃብር ውስጥ ይገባሉ። ይህን መጽሐፍ ከልቤ እወደዋለሁ። ያነበበው ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው የሰው ልጅ በዘርና በማዕረግ ኩራት ምን ያህል ሊጨክን እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። ሞቱ ምክንያት አለው። ለሀዲስ ዓለማየሁ የምንሰጠውን ይህን ክብር ለሌሎቹም እንስጥ። ሞት አለበት ወይ ከማለት በፊት ሞቱ ምን ይሠራል ብለን እንጠይቅ።

«የባዕድ ኑሮ ነው» ወደሚለው ልሻገር። የአንጂ ቶማስ «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» በ2017 ነው የወጣው። ስታር የምትባል የ16 ዓመት ልጅ በድሃ ሰፈር ትኖራለች፤ የምትማረው ግን ራቅ ባለ የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ስትሄድ አነጋገሯን ትቀይራለች። ጠባይዋን ትቀይራለች። ስለ ሰፈሯ አታወራም። የልጅነት ጓደኛዋን ካሊልን ፖሊስ ዓይኗ እያየ ተኩሶ ሲገድለው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ላሉት ጓደኞቿ እንደምታውቀው እንኳ መናገር ያቅታታል።

የፖሊሱና የዘር ጉዳይ የአሜሪካ ነው። ያንን እነሱ ይኑሩት። የሁለት ዓለሙ ጣጣ ግን እዚሁ አራብሳ አለ። አንዲት ልጅ አለችን። መሀል ከተማ ባለ የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ መገናኛ ድረስ ትጋፋለች። ክፍል ጓደኞቿ የት ነው ቤትሽ ሲሏት «ወደ አያት አካባቢ» ትላለች። አራብሳ አትልም። ልደት ሲጠሯት ሰበብ ትፈጥራለች፤ ምክንያቱም ማታ መመለሻ ታክሲ የለም፣ ደግሞም እነሱን መልሳ መጥራት ሊመጣ ነው። ይህን ሁሉ የነገረችን ስታርን ካነበብን በኋላ ነው። ለወላጆቿም ያልነገረችውን። ባዕድ የተባለው መጽሐፍ የልጅቷን የልብ ነገር አወጣው።

ሌላው የኤሊዛቤት አሴቬዶ «ዘ ፖየት ኤክስ» ነው። በ2018 ወጥቶ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማትን በወጣቶች ዘርፍ አሸነፈ። ሺዮማራ 15 ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቧ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣ ነው፤ የምትኖረው ሃርለም ነው። እናቷ አጥባቂ ሃይማኖተኛ ናት። ልጅቷ ጥያቄ አላት፤ መጠየቅ ግን ነውር ነው። ስለዚህ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ግጥም ትጽፋለች። እናቷ ደብተሩን አግኝታ ታቃጥለዋለች። ያንን ገጽ ስናነብ ኮሚናሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ልጆች ፊት ላይ ያየሁትን አልረሳም። በኋላ እናትና ልጅን ለማነጋገር የሚገባው ቄሱ ነው። የንስሐ አባት ገብቶ ቤተሰብ ሲያስታርቅ አይቶ ያላደገ የሰፈራችን ልጅ ካለ አሳዩኝ። ደራሲዋ እናቲቱን ክፉ አድርጋ አልሣለቻትም። ፍርሃቷ ከየት እንደመጣ እንድናይ አድርጋለች። ከልጆቹ አንዷ መጽሐፉን ተውሳ ቤት ወስዳ ለእናቷ በአማርኛ እየተረከችላት እንደጨረሰችው ነግራኛለች።

«ኢትዮጵያን የሚነካ አንድም የለም» ያሉትም ልክ አይደለም። አዲስ ባይሆንም የቤንጃሚን ዜፋንያ «ረፊውጂ ቦይ» ከ2001 ጀምሮ አለ። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነውን ዓለም የሚባል ልጅ በሁለቱ አገሮች ጦርነት ጊዜ አባቱ እንግሊዝ አገር ወስዶ ትቶት ይመለሳል። ጸሐፊው እሱን ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ አጻጻፉ። «ሎንግ ዌይ ዳውን»ም «ዘ ፖየት ኤክስ»ም በግጥም የተጻፉ ናቸው። ገጹ ላይ አንዳንዴ ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው። ጸሐፊው ይህን ስንፍና ብለውታል። እኔ ግን የቅኔ አገር ሰው ይህን ሲል መስማት ይከብደኛል። በሁለት ስንኝ ንጉሥ የሚወቀስበት አገር ነው ያለነው። ሽለላውም ፉከራውም ለቅሶውም በግጥም ነው። በየወሩ ለ«ግጥም በጃዝ» አዳራሽ ሲሞላ የኖረው ማን ነው? ወጣቱ ነው። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጅ ግጥም ሲያነብ ያ የሚንጫጫ ሰልፍ ጸጥ ይላል። ባዶ የተተወው ቦታም ሥራ አለው። ዊል ወንድሙ መሞቱን ሲያይ ቃል ያጣል፤ ገጹም አብሮት ቃል ያጣል። ይህን በስድ ንባብ ሞክሩትና ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሙሉ መጽሐፍ ጨርሰው የማያውቁ ተማሪዎቼ ይህን መጽሐፍ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ጨርሰው «ቲቸር፣ ሌላ አለ?» ብለው መጥተዋል።

የስልኩ ነገር ብዙ አያከራክርም። ከውጭ የሚመጣ አዲስ መጽሐፍ ዋጋ ለአንድ የአራብሳ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የሚያምር ነው፤ ግን አራት ኪሎ ነው። ከእኛ ሰፈር ደርሶ መልስ ታክሲው ብቻ ስንት እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ልጁ ስልክ ላይ ያነባል። ጸሐፊው እንደሚያስታውሱት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙው ሰው የሚያውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ሰምቶ ነው። ያኔ «ይህ ንባብ አይደለም» ያለ አልነበረም። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፦ በፒዲኤፍ የሚዞረው ቅጂ ለደራሲው ሳንቲም አያስገባም። ስለዚህ እኛ ክበብ ውስጥ የታተመውን ቅጂ አዋጥተን እየገዛን በተራ እንዋዋሳለን። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ይሠራል።

አማርኛ እየተረሳ ነው የሚለው ስጋት ግን የእኔም ስጋት ነው። ጥፋተኛው ላይ ነው የማንስማማው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናውም እንደዚያው። ልጁ እንግሊዝኛ ማንበብ ግዴታው ነው። በአማርኛስ ምን አዘጋጅተንለታል? ከልጆች ተረት በቀጥታ ወደ አዋቂ ልብ ወለድ ነው የሚዘለው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለው ልጅ፣ ስለ ራሱ ዕድሜ፣ በራሱ ቋንቋ የተጻፈው በጣት የሚቆጠር ነው። ያንን ክፍተት የፈጠሩት የውጭ ደራሲዎች አይደሉም። የእኛ ደራሲያንና አሳታሚዎች ለዚህ ዕድሜ መጻፍን እንደ ትንሽ ሥራ ማየታቸው ያንገበግበኛል።

መጻሕፍቱ አማርኛ ሲያስረሱ አላየሁም። ሲያስጽፉ ግን አይቻለሁ። ከክበባችን ልጆች አንዷ «ሎንግ ዌይ ዳውን»ን ካነበበች በኋላ በአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ጽፋ አመጣች። ማታ ከመገናኛ ወደ አራብሳ የሚመጣው የመጨረሻው ሃይገር ውስጥ ነው ታሪኩ። አውቶቡሱ በየፌርማታው ይቆማል። በቆመ ቁጥር የልጅቷ አያት በሕይወቷ ያጣቻቸው ሰዎች አንድ በአንድ ይሳፈራሉ። ረዳቱ ግን ከእነሱ ሒሳብ አይቀበልም። አጻጻፏ ጥርት ያለ የአዲስ አበባ አማርኛ ነው፤ አያቷ ስትናገር ደግሞ የወሎ ለዛ አለው። ጮክ ብላ ስታነብልን ሁለት ልጆች አልቅሰዋል። ቅርጹን ከሬይኖልድስ ተዋሰች፤ የቀረው ሁሉ የራሷ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ንጠቁ፣ ዝጉ የሚለው ነው። ወላጅ ልጁ የሚያነበውን ማወቅ አለበት፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን ንጥቂያ ሳይሆን ልየታ ነው የሚያስፈልገው። እኛ ክበብ ውስጥ የምንከተለውን ልንገራችሁ። «ሎንግ ዌይ ዳውን»ና «ዘ ፖየት ኤክስ»ን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንሰጣለን። ሁለተኛውን እናትና ልጅ አብረው ቢያነቡት ይመረጣል። «ዘ ሄት ዩ ጊቭ» ስድብም ግድያም ስላለበት ለ10ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ነው፤ ተወያይቶ እንጂ ለብቻ አይሰጥም። «ሰንራይዝ ኦን ዘ ሪፒንግ» የቀደሙትን ላነበበ ነው። ዘውድና ሰይፍ ከተሳለባቸው መካከል ለአዋቂ የተጻፉ፣ የመኝታ ቤት ትዕይንት ያለባቸው አሉ፤ ሽፋናቸው ስለሚመሳሰል ብቻ ከወጣት መጻሕፍት ጋር ተቀላቅለው ይሸጣሉ። እነዚያን አንሰጥም፤ ወላጅም ገልጦ ሳያይ አይግዛ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ በተራ፣ ጮክ ተብሎ እየተነበበ።